የስኳር ሕመምተኛ እግር ቀዶ ሕክምና፦ ከመፈረምዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ይቆርጡኝ ይሆን?» የሚል ነው። ከዚህ ፍርሃት የተነሳ ቁስሉ ካልሲ ውስጥ ይደበቃል፤ የጨው ውኃ ይሞከራል፤ የቡና ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ሳምንትም ያልፋል። ብዙ እግር የሚጠፋው በዚያች በባከነች ሳምንት ነው። በትንሽ ቀዳዳ ሊፈስ የሚችል መግል ጅማቱን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣና ሐኪሙ ሲያየው ምርጫው ጠቦ ይጠብቀዋል።

ለአዲስ አበባ ልደታ ማርያም አካባቢ ነዋሪ ሐኪም ቤት ሩቅ አይደለም። ደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል እዚያው ነው፤ ጥቁር አንበሳም ቅርብ ነው። የሚከብደው ከደረሱ በኋላ ያለው ነው፤ ምን እንደሚደረግ፣ ለምን እንደሚደረግ፣ ምን መጠየቅ እንደሚገባ። ቀዶ ሕክምና ሁሉ መቁረጥ አይደለም፤ መቁረጥ ሁሉም ሽንፈት አይደለም። ውሳኔው ትክክል የሚሆነው ግን ጥቂት ነገሮች ተለክተውና ታውቀው ሲወሰን ነው። ዝርዝሩ እነሆ።

1. ጊዜ አለኝ ወይስ የለኝም?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ዘመድ ሰብስቦ መምከሪያ ጊዜ የለም። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል መግባት ያስፈልጋል፦

– ከቁስሉ ዙሪያ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ የሰፋ ወይም ወደ ላይ የሚወጣ መቅላትና ሙቀት፤
– መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ወይም ሲጫኑት ከቆዳው ሥር የሚንኮሻኮሽ ነገር፤
– የጠቆረና የረጠበ ጣት ወይም ቆዳ፤
– ብርድ ብርድ ማለት፣ ማስታወክ፣ መደናገር፣ ወይም ስኳሩ ያለ ምክንያት አልወርድ ማለቱ፤
– ድንገት የቀዘቀዘና የገረጣ እግር።

በጠይም ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ሙቀቱን በእጅዎ ጀርባ ይለዩ፤ እብጠቱን ከሌላው እግር ጋር ያስተያዩ። ትኩሳት አለመኖሩም አያዘናጋዎ፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ክፉኛ ተመርዞም የሰውነቱ ሙቀት ላይጨምር ይችላል።

መግል የያዘ እግር በሰዓታት ውስጥ መከፈት አለበት። «ስኳሩ ይስተካከልና ከዚያ» የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም፤ ስኳሩን ሽቅብ የያዘው ራሱ ኢንፌክሽኑ ነውና። ጣቱ ጠቁሮ ነገር ግን ደረቅ ከሆነ፣ ሽታም መግልም ከሌለው፣ ያኔ የደም ዝውውሩን ለመለካትና ለመምከር ጊዜ አለ።

2. ቁስሉ ለምን መጣ?

የስኳር እግር ቁስል ሦስት ምክንያቶች አሉት፤ ብዙ ጊዜም ተደርበው ይገኛሉ። ነርቭ ይደነዝዛል፣ ደም ሥር ይጠባል፣ አንድ ቦታ ደግሞ ከልክ በላይ ጫና ይበዛበታል። ጠጠር ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሳይሰማ የሚውለው፣ ከከሰል ምድጃ አጠገብ የሞቀ እግር ውኃ ሲቋጥር የማይታወቀው በመደንዘዙ ነው።

መደንዘዙን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍን። አስታማሚው በጠቋሚ ጣቱ ጫፍ የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሽ ጣት ጫፍ እያፈራረቀ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ብቻ ለስለስ አድርጎ ይንካ፤ አይጫን፣ አይቆንጥጥ፣ አይደጋግም። ሰውየው በነኩት ቁጥር «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰሙ እግሩ የመከላከያ ስሜቱን አጥቷል ማለት ነው። ሐኪም ቤት ይህንኑ የሚያረጋግጡት 10 ግራም በሚጫን ቀጭን የናይለን ክር ነው።

በጎንደር ሆስፒታል 279 የስኳር ታማሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት 13.6 በመቶዎቹ የእግር ቁስል እንዳለባቸው አግኝቷል። ከቁስሉ ጋር ተያይዘው ከተገኙት ምክንያቶች ውስጥ የነርቭ መደንዘዝ፣ የሰውነት ክብደት መብዛትና እግርን በራስ አለመንከባከብ ይገኙበታል። ምክንያቱ ካልተለየ ቀዶ ሕክምናው ቁስሉን ቢዘጋውም ሌላ ቁስል በቦታው ይተካል።

3. ደም ወደ እግሩ መድረሱ ተለክቷል?

ከዚህ ሁሉ ዝርዝር አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ውኃ ያልደረሰው ማሳ ቢታረምም አያፈራም፤ ደም የማይደርሰው እግርም ቢጸዳ፣ ቢሰፋ፣ ጣቱ ቢቆረጥ አይድንም። ጣት የተቆረጠበት ቦታ ሳይድን ቀርቶ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ጉልበት የሚያስኬደው አንዱ ምክንያት ደሙ አስቀድሞ አለመለካቱ ነው።

ሐኪሙ መጀመሪያ በጣቱ ትርታ ይፈልጋል፤ በእግር ጀርባ ላይና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ። ከዚያ በዶፕለር የቁርጭምጭሚቱን የደም ግፊት ለክቶ ከክንድ ግፊት ጋር ያነጻጽራል። ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ሥሩ ጠቧል። ከ1.3 በላይ ከሆነም ደስ አይበልዎ፤ ስኳር የደም ሥሩን ግድግዳ እያደነደነ ልኬቱን ያሳስታል። ያኔ የእግር ጣት ግፊት ይለካል። የቁርጭምጭሚት ግፊት ከ50 በታች ወይም የጣት ግፊት ከ30 በታች ከሆነ የደም ሥር ሐኪም በአስቸኳይ ማየት አለበት።

የጠበበ ደም ሥር በፊኛ ሊከፈት ይችላል፤ ወይም ከራስ እግር በተወሰደ ደም ሥር መተላለፊያ ይሠራለታል። ይህ አገልግሎት በአገራችን የሚገኘው በጥቂት ሆስፒታሎች ስለሆነ «እዚህ ካልተሠራ የት ልሂድ?» ብለው ይጠይቁ። ለምርመራው ወደ ደም ሥር የሚገባው ቀለም ኩላሊትን ስለሚነካ የኩላሊት ምርመራ ውጤትዎን ይዘው ይሂዱ።

4. አጥንት ተነክቷል?

ሐኪሙ በቀጭን የብረት መፈተሻ የቁስሉን ጥልቀት ሲያይ ጫፉ ጠጣር ነገር ላይ «ቀጭ» ካለ አጥንት ላይ ደርሷል፤ አጥንቱም መመረዙ ይጠረጠራል። ራጅ ይነሳል። ነገር ግን የአጥንት መመረዝ በራጅ ላይ ለመታየት ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድበት ስለሚችል የመጀመሪያው ራጅ ንጹህ መሆኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ራጁ ይደገማል ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ይህን ማወቁ የመድኃኒቱንም ጊዜ ይወስናል። ሥጋ ላይ ብቻ ላለ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃዋል። አጥንት ከተነካና አጥንቱ ካልወጣ ወደ 6 ሳምንት ይሄዳል። የተመረዘው አጥንት በቀዶ ከወጣ ጊዜው ያጥራል። ከቁስሉ ጥልቀት ወይም ከአጥንቱ ናሙና ተወስዶ ላብራቶሪ ቢላክ መድኃኒቱ በግምት አይሰጥም። መግል የሌለው፣ ያልሞቀ፣ ያላበጠ ቁስል ደግሞ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም፤ ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ መዋጥ ጀርሙን ማላመድ ነው።

5. ቁስል የሌለው የሞቀ እግር ከሆነስ?

እግሩ ድንገት አብጦ፣ ሞቆ፣ ቀልቶ ነገር ግን ምንም ቁስል ከሌለው «ሻርኮ» የሚባለው ሊሆን ይችላል። የደነዘዘው እግር አጥንት ውስጥ ለውስጥ እየተሰበረ ሰውየው ሲራመድበት ይውላል። ብዙ ጊዜ ከኢንፌክሽን ወይም ከሪህ ጋር ይምታታል። ለዚህ በመጀመሪያ የሚሰጠው ሕክምና እስከ ጉልበት ድረስ ጀሶ አስሮ እግሩን ማሳረፍ ነው፤ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ለቀዶ ከመፈረምዎ በፊት «ይህ ሻርኮ ሊሆን አይችልም?» ብለው ይጠይቁ።

6. የታሰበው ቀዶ የትኛው ነው?

«ኦፕሬሽን ታደርጋለህ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይይዛል። ስሙን ያስነግሩ፦

– ማጽዳት። የሞተውን ሥጋና የደነደነውን ቆዳ በምላጭ ማንሳት ነው። ከላይ ትንሽ ጠቃጠቆ የመሰለው የደነደነ ቆዳ ሲነሳ ሥሩ ሰፊ ጉድጓድ ሆኖ ይገኛል፤ ቤተሰብ «ሐኪሙ ቁስሉን አሰፋው» የሚለው ያኔ ነው። አላሰፋውም፤ የተሸፈነውን ገለጠው። አንድ ጊዜ ተደርጎም አያበቃም፤ ይደጋገማል።
– መግል ማፍሰስ። እግሩ ተከፍቶ ሳይሰፋ ይተዋል፤ ክፍት መተዉ ስንፍና አይደለም፤ የሕክምናው አካል ነው።
– የተመረዘውን አጥንት ብቻ ማውጣት፤ ጣቱ ሊተርፍ ይችላል።
– ጅማት ማላላት። የተቆለመመ ጣት ጫፉ እየቆሰለ ካስቸገረ በጥቂት ማደንዘዣ ከሥር ያለውን ጅማት በቀጭን ምላጭ ወይም በመርፌ ማላቀቅ ይበቃዋል። የተረከዝ ጅማት ሲያጥር ደግሞ የእግር ፊተኛው መዳፍ ላይ ጫና ይበዛል፤ ጅማቱን ማስረዘም ቁስሉ እንዲሽር ይረዳል።
– ቆዳ መትከል፤ ቁስሉ ንጹህ ሆኖ ደም ሲያገኝ ብቻ።
– መቁረጥ፤ ከጣት፣ ከእግር እኩሌታ፣ ከጉልበት በታች፣ ከጉልበት በላይ።

ከዝርዝሩ ውስጥ ትንሹ ቀዶ ለምን እንደማይበቃ ሐኪሙ እንዲያስረዳዎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

7. መቆረጥ ካለበት፣ የት ላይ?

እዚህ ላይ ሁለት ፍላጎቶች ይጋጫሉ። ዝቅ ብሎ መቁረጥ ብዙ እግር ያተርፋል፤ ግን ደም ካልደረሰ አይድንም፤ ተመልሶ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ያስገባል። ከፍ ብሎ መቁረጥ ቶሎ ይድናል፤ ግን መራመድ ይከብዳል። በደም ሥር መጥበብ ምክንያት ከጉልበት በታች የተቆረጠ ሰው በሰው ሠራሽ እግር ለመሄድ ከጤነኛ ሰው 40 በመቶ ያህል የበለጠ ጉልበት ያወጣል፤ ከጉልበት በላይ ሲሆን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጉልበት መትረፉ ለልብ ሕመምተኛና ለሸመገለ ሰው ቆሞ በመሄድና በመቀመጥ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አውራ ጣት ሲቆረጥ ክብደቱ ወደ ቀሪዎቹ ጣቶች ይሄዳል፤ ስለዚህ ልዩ ጫማ ካልተዘጋጀ ሌላው ጣት ይከተላል። እግሩ ክፉኛ ተመርዞ ከሆነ ደግሞ ሥራው በሁለት ጊዜ ሊከፈል ይችላል፤ መጀመሪያ የተመረዘውን በፍጥነት ማስወገድ፣ ቀናት ቆይቶ በሚገባው ደረጃ አስተካክሎ መዝጋት። ይህን አስቀድመው ካወቁ ሁለተኛው ቀዶ በስህተት የመጣ አይመስልዎትም።

8. ስኳር፣ መድኃኒት፣ ማደንዘዣ

– በቀዶው ዙሪያ ስኳሩ ከ100 እስከ 180 ሚሊ ግራም ቢሆን ይመረጣል። ጊዜ በሚሰጥ ቀዶ የሦስት ወሩ አማካይ ስኳርም ይታያል፤ ብዙ ሐኪሞች ከ8 በመቶ በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ።
– ኢንሱሊን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ሳይበሉ በሚያድሩበት ቀን መጠኑ ይቀነሳል፤ ስንት እንደሚሆን ሐኪሙ ይጻፍልዎ።
– ሜትፎርሚን በቀዶው ዕለት አይወሰድም። ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኤምፓግሊፍሎዚን የሚወስዱ ከሆነ ቢያንስ 3 ቀን አስቀድሞ ይቆማል፤ ካልቆመ ደሙ አሲድ ሊሆን ይችላል።
– አስፕሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ።
– ልብ ወይም ኩላሊት የደከመ ሰው ሙሉ ሰመመን ላያስፈልገው ይችላል፤ ከወገብ በታች ብቻ ወይም እግሩን ብቻ ማደንዘዝ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።
– ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬ ያቁሙ፤ የጠበበውን ደም ሥር ያባብሰዋል።
– ቁስል የሚድነው በምግብ ነው። ጾም ላይ ከሆኑ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ እንቁላልና ወተት የማይሆን ከሆነ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ከእንጀራው ይብዛ።

9. ወጪ፣ ሪፈር፣ ፊርማ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ካለዎት መታወቂያዎ መታደሱን ያረጋግጡ፤ መንገዱም በጤና ጣቢያ ሪፈር በኩል ነው። ድንገተኛ ሲሆን ግን ወረቀት ፍለጋ ሰዓት አይግደሉ። መድኅኑ የሚሸፍነውንና ከውጭ የሚገዛውን፣ ፋሻውን፣ አንቲባዮቲኩን፣ ክራንቹን ለይተው ይጠይቁ። ከቀዶው ዋጋ ይልቅ ቤተሰብን የሚያደክመው ከዚያ በኋላ ለወራት የሚቀጥለው የቁስል እጥበትና የታክሲ ወጪ ነው።

ፊርማው የታማሚው ነው። አእምሮው እስካለ ድረስ ልጅም ወንድምም አይፈርምለትም። ይህ በእኛ አገር ይረሳል፤ ታማሚው አልጋ ላይ ተኝቶ ምክሩ ኮሪደር ላይ ይካሄዳል፤ ከዋሽንግተንም ከሪያድም ስልክ ይደወላል፤ አንዱ «ይቆረጥ» ሌላው «እንዳታስነኩት» ይላል። አንድ ሰው መርጠው ከሐኪሙ ጋር እሱ ብቻ ይነጋገር፤ የሰማውን መጀመሪያ ለታማሚው ይንገር። የተቆረጠውን አካል ወስዶ መቅበር የሚፈልግ ቤተሰብም ከቀዶው በፊት ለሆስፒታሉ ይናገር።

10. ከቀዶው በኋላ ያለው እቅድ ምንድን ነው?

ከቁስሉ ላይ ጫናው ካልተነሳ ስፌቱ ይለቃል። ብዙ ጊዜ ለሳምንታት በቁስሉ አለመርገጥ፣ ወይም ክብደቱን የሚያሰራጭ ጀሶ ማሰር ያስፈልጋል። ይህ ጀሶ በአገራችን ከተለመደው የሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ዝምድና አለው፤ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ በሕንድ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የደነዘዘ እግር የሚጠፋው በጀርሙ ሳይሆን ሕመም ባለመሰማቱ እንደሆነ ተረዳ፤ ትምህርቱም ኋላ በአሜሪካ ለስኳር ታማሚዎች ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው ዘነበወርቅ ያለው የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል አለርት ለደነዘዘ እግር የሚሆን ጫማ በማዘጋጀት የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው ነው። ልዩ ጫማ የት እንደሚሠራልዎ ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ከጉልበት በታች ከተቆረጠ ጉልበቱ ሥር ትራስ አያድርጉ። ይመቻል፤ ግን ጉልበቱ ታጥፎ ይደርቃል፤ ያኔ ሰው ሠራሽ እግር አይገባም። እግሩ ተዘርግቶ ይተኛ፤ በቀን ጥቂት ጊዜ በሆድ መተኛትም ዳሌው እንዳይታጠፍ ይረዳል። የሌለው እግር ሲያሳክክና ሲያም መሰማቱ የታወቀ ነገር ነው፤ እብደት አይደለም፤ መድኃኒት አለው።

ከዳነ በኋላም ሥራው አላለቀም። ቁስላቸው ከሻረላቸው ሰዎች 40 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ፣ 65 በመቶው በአምስት ዓመት ውስጥ እንደገና ይቆስላሉ። ስለዚህ በየምሽቱ እግርን ማየት፤ የእግርን መዳፍ በመስተዋት ወይም በሰው ማስታየት፤ ጫማ ከመጫማት በፊት እጅ አግብቶ መዳበስ፤ ለብ ያለውን ውኃ በክርን መለካት ልማድ ይሁን።

ለቤተ ክርስቲያን ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ልደታ ማርያም ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፤ ግንቦት 1 ቀን ደግሞ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ድንጋዩ ይግላል፤ የረገጡት ነገር አይታይም። እግሩ የደነዘዘ ሰው ወፍራም ንጹህ ካልሲ ያድርግ፤ ሲመለስ እግሩን ይይ። ክፍት ቁስል ያለው ከደጅ ተሳልሞ ቢመለስ ይሻላል። ጸበሉን ይጠጣ፤ ቁስሉን ግን አይንከር፤ ኢንሱሊኑንም አይተው። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ መወሰድ እንደሚችል አስተምረው ነበር፤ ለስኳርም ነገሩ ያው ነው።

ጽፈው ይዘው የሚሄዱት

– ይህ ዛሬ መሠራት ያለበት ነው ወይስ መቆየት ይችላል?
– የእግሩ ደም ተለክቷል? ቁጥሩ ስንት ነው?
– አጥንት ተነክቷል? በምን ታወቀ?
– ደም ሥሩን መክፈት ይቻላል? የት?
– ከዚህ ያነሰ ቀዶ ለምን አይበቃም?
– የሚቆረጥ ከሆነ ለምን እዚህ ላይ? ይድናል ብለው የሚያምኑት በምን ነው?
– የትኛውን መድኃኒት መቼ ላቁም?
– ከወጣሁ በኋላ ቁስሉን ማን ያጥባል? መቼ ልርገጥ? ጫማውን ማን ይሠራል?

ለሁለተኛው ጥያቄ «አልተለካም» የሚል መልስ ካገኙና እግሩ ደረቅ ሆኖ ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት ልኬቱ እንዲደረግ ይጠይቁ፤ ካልሆነም ወደሚለካበት ሆስፒታል ሪፈር ያጽፉ። መግል ካለ ግን መግሉ እንዲወጣ ይፈርሙ፤ የቀረውን ጥያቄ በማግስቱ አልጋዎ ላይ ሆነው ይጨርሱታል።